አምስት ዓመት ለሁሉም ካንሰር አይሠራም

ከካንሰር ሕክምና በኋላ አምስት ዓመት ያለ ችግር ያለፈው ሰው «በቃ፣ ተገላገልኩ» ይላል። ቤተሰብም እፎይ ይላል። ለአብዛኛው የራስና የአንገት ካንሰር ይህ ያስኬዳል። ከእነዚህ ካንሰሮች 90 በመቶ ያህሉ ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ (ከአፍ፣ ከጉሮሮና ከመሰል ክፍሎች የውስጥ ሽፋን የሚነሳ ካንሰር) ናቸው፤ እነሱ ከተመለሱም አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ነው። ጣጣው ያለው ከቀሪዎቹ ጋር ነው።

አዴኖይድ ሲስቲክ ካርሲኖማን እንውሰድ። ብዙውን ጊዜ ከምራቅ ዕጢ ይነሳል። እድገቱ አዝጋሚ ነው፤ የሚያዘናጋውም ለዚህ ነው። ነርቭን ተከትሎ መሄድ ይወዳል፤ ላንቃ ላይ የጀመረው ቀስ በቀስ እስከ ራስ ቅል ሥር ሊዘልቅ ይችላል። በአምስተኛው ዓመት አብዛኛው ታካሚ በሕይወት አለ። በ10ኛውና በ15ኛው ግን ቁጥሩ እያሽቆለቆለ ይሄዳል። ታካሚው ሕመሙን ከረሳው በኋላ ሳንባው ላይ ብቅ ሊል ይችላል።

ነት ካርሲኖማ የሚባለው ብርቅ ካንሰር ደግሞ ፋታ አይሰጥም፤ ብዙዎችን በወራት ውስጥ ይገድላል። ክፋቱ፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ተራውን ስኳመስ ሴል ሊመስል ይችላል። ልዩ ምርመራ ካልታዘዘለት ስሙ እንኳ አይታወቅም።

አንገት ላይ የሚወጣው ፓራጋንግሊዮማ (ከነርቭ ጋር ከተያያዙ ሴሎች የሚነሳ ዕጢ) ናሙናው ቢታይ ቢመረመር ይሰራጭ አይሰራጭ በእርግጠኝነት አይናገርም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 «ደግ» እና «ክፉ» ብሎ መክፈሉን ትቶ ሁሉም ሊሰራጩ ይችላሉ አለ። ኤስዲኤችቢ የተባለው ጂን ላይ ጉድለት ያለበት ሰው ስጋቱ ከፍ ይላል።

ስለዚህ የክትትሉን ርዝመት የዕጢው ዓይነት ይወስነው ባይ ነኝ። ናሙናውን በእነዚህ ዕጢዎች ላይ የሠራ ፓቶሎጂስት (ናሙና መርምሮ በሽታውን የሚለይ ሐኪም) ደግሞ ይየው። ዕጢው ይመለስ አይመለስ ኮምፒውተር ይተንብይልን የሚሉም አሉ። ጥሩ ነው፤ ግን ከጥቂት ታካሚዎች የተማረ ማሽን ያየውን ብቻ ነው የሚደግመው። መጀመሪያ ሆስፒታሎች መረጃቸውን ያዋጡ።

«ዕድሜ ልክ ምርመራ ሰውን በጭንቀት ይጨርሳል» የሚሉ ሐኪሞች አሉ። እውነት አላቸው። ቢሆንም አዴኖይድ ሲስቲክ ሳንባ ላይ ተገኘ ማለት ወዲያው መድኃኒት ይጀመራል ማለት አይደለም። እድገቱ ዘገምተኛ ከሆነና ታካሚውን ካላስቸገረው፣ በየጊዜው ፎቶ እያነሱ መጠበቅ የተለመደ ነው። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ለታካሚው መንገር ነው።