ቀነ ገደብ ለሚያመርቱ እጆች የቀረበ ምስጋና

በአደንዛዥ ዕፅ ላይ የሚካሄደው ዘመቻ ፍሬ አላፈራም የሚሉ ሰዎች ምን ያህል ውለታ ቢሶች እንደሆኑ ለመረዳት፣ ዘመቻው ያበረከታቸውን ቀነ ገደቦች መቁጠር ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1961 የጸደቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት ኦፒየምን ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንደ መድኃኒት መውሰድ በ15፣ የኮኬይን ጥሬ ዕቃ የሆነውን የኮካ ቅጠል ማኘክና ካናቢስን ከሕክምና ውጭ መጠቀም ደግሞ በ25 ዓመታት ውስጥ እንዲቀሩ ደንግጎ ነበር። ጊዜው ደርሶ ዕፁ አልቀር ሲል፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1998 ልዩ ስብሰባ ተቀምጦ ለ2008 ቀጠረ፤ ያም አልፎ በ2009 ለ2019 ተቀጠረ። አንድ ተበዳሪ በዚህ አኳኋን ቀን ቢያራዝም ንብረቱ በሐራጅ ይሸጥ ነበር፤ መንግሥት ሲያደርገው ግን ጽናት ይባላል። የፊሊፒንሱ ፕሬዚዳንት ሮድሪጎ ዱቴርቴ በ2016 ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይበቃኛል ብለው ጀምረው፣ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ ተጨማሪ ስድስት ወር ጠይቀዋል። (በዚያ ዘመቻ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ስለተገደሉ፣ እዚህ ላይ ለማሞገስ ብዕሬ ይታዘዝልኝ ዘንድ አልቻለም።)

ከሁሉ በላይ ግን የሚደነቀው የጋዜጣዊ መግለጫው ጥበብ ነው። የታሸጉ ጥቅሎች በጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ፣ ባለሥልጣናቱ ከኋላ እንደየማዕረጋቸው ይቆማሉ፣ የዕቃው ዋጋም ሻጩን ራሱን በሚያስደንቅ ልግስና ይተመናል። ብዙ ከተያዘ ቁጥጥሩ ጠንክሯል፤ ጥቂት ከተያዘ አዘዋዋሪው ፈርቷል፤ ምንም ካልተያዘማ ድሉ ተጠናቋል። የተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት እንደሚለው በ2023 የተመረተውም፣ የተያዘውም፣ የተወሰደውም ኮኬይን በአንድነት ከዚያ በፊት ያልታየ ደረጃ ላይ ደርሷል፤ ለመግለጫ ከሦስቱ መካከል የትኛው እንደሚመረጥ መቼም አንባቢ አይጠፋውም።

ዘመቻው ለግብርና ያደረገው አስተዋጽኦም ሊዘነጋ አይገባም። በ1990ዎቹ በፔሩና በቦሊቪያ የተነቀለው ኮካ በኮሎምቢያ ተስፋፋ፤ አፍጋኒስታን በ2022 ኦፒየም ማምረትን ከልክላ እርሻዋ ሲመናመን፣ በ2023 ምያንማር በምርት አንደኛ ሆነች።

ይህን ያማረ ሥርዓት ያወከችው ፖርቱጋል ናት። በ2001 ለግል ፍጆታ የሚሆን ዕፅ መያዝን ከወንጀልነት አውጥታ፣ ገንዘቧን በሕክምና ላይ አዋለች፤ በመርፌ ሳቢያ በኤችአይቪ የሚያዙ ሰዎችም እጅግ ቀነሱ። ነገሩ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ያልታመመ ሰው እንዴት ተደርጎ በጠረጴዛ ላይ ይደረደራል?