ሰርቪሱ ሰርቪሱን ዘጋው

«ሰርቪሱ ሰርቪሱን ዘግቶታል'ኮ!»

ጣፎ፣ እህቴ ግቢ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት። ከሜሪላንድ በመጣሁ በሦስተኛው ቀን የቀሰቀሰኝ ይሄ ጩኸት ነው። ወጥቼ ሳይ አንድ ሚኒባስ ጓሮ ካሉት ክፍሎች የአንዷን የቆርቆሮ በር ተጠግቶ ቆሟል። ተከራይዋ፣ ነርስ ናት፣ በጠባቧ ክፍተት አንድ ዓይኗ ብቻ ይታያል። የፋብሪካ ሠራተኛ የሚያመላልሰው ሾፌርም የዚያው ግቢ ተከራይ ነው፤ ማታ አቁሞት አደረ፣ ጠዋት አልነሳ አለው። እህቴ ነጠላዋን እያጣፋች ብቅ አለችና «ድሮስ! ሰርቪስ ካስደረገው ስንት ጊዜው!» አለች።

ቁጠሩልኝ እንግዲህ። መኪናው ሰርቪስ፣ ክፍሉ ሰርቪስ፣ ዘይት መቀየሩም ሰርቪስ። ሦስቱ ምንም ሳይደናገሩ ተግባቡ። ግራ የገባኝ 18 ዓመት እንግሊዝኛ ስሰማ የኖርኩት እኔ ነኝ።

የቃሉ ባለቤቶችም ቢሆኑ ከእኛ አይሻሉም። ሥሩ ላቲን ነው፤ «ሴርቩስ» ባሪያ ማለት ነው። ከዚያ ተነስቶ ፈረንጅ የእሑድ ጸሎቱንም፣ የቴኒስ ኳስ መለጋቱንም፣ ሙሉ የሻይ ዕቃውንም ሰርቪስ ይለዋል። ዓይነ ስውርን የሚመራው ውሻ እንኳ «ሰርቪስ ዶግ» ነው። ይህን ለእህቴ ብነግራት «ውሻውም ተከራይቶ ነው የሚኖረው?» አለችኝ።

እኔን ግን ያስደነገጠኝ ሌላው ሰርቪስ ነበር። በ22 ዓመቴ በዲቪ እንደገባሁ «ሴሌክቲቭ ሰርቪስ» የሚሉት የውትድርና መዝገብ ላይ ተመዝገብ ተባልኩ። ከ18 እስከ 25 ዓመት ያለ ወንድ፣ ከውጭ የመጣም ቢሆን፣ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ ነበረበት። አገሪቱ ከ1973 እ.ኤ.አ. ወዲህ በግዴታ ያዘመተችው ሰው የለም፤ ስም መያዝ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ለእማዬ በስልክ ከማስረዳት «ለአገልግሎት ተመዝገብ አሉኝ» ብዬ ባሳጥረው ዝም አለች። ደርግ በ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርናን ካወጀ በኋላ ታላቅ ወንድሜን ከአፈሳ ቆጥ ላይ የደበቀች ሴት ናት። «ዲቪ ያልከኝ ይሄን ነው?» አለች በመጨረሻ።

አባዬ ደግሞ የራሱ ሰርቪስ ነበረው። በ1950ዎቹ መጨረሻ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይመረቅ አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ያስተምር ነበር፤ «ሰርቪስ የወጣሁ ጊዜ» ብሎ ከጀመረ አያቆምም። ዛሬ ጣፎ ላይ «ሰርቪስ ወጣሁ» ብትል «ኪራይ ጨመሩብህ እንዴ?» ነው የምትባለው።

የጓሮዋ ክፍል ስሟን ያገኘችው ባለቪላዎች ለማብሰያና ለቤት ሠራተኛ ማደሪያ ከኋላ ስለሚሠሯት ነው። አሁን የሚኖሩባት ነርሱ፣ መምህሩ፣ የባንክ ሠራተኛው ናቸው። ቤቱ ስሙን አልቀየረም፤ ሰዎቹም «ሰርቪስ ነው የምኖረው» ሲሉ አይሽኮረመሙም።

ሚኒባሱን ሾፌሩ መሪ ይዞ እኔና የሰፈሩ ልጆች ገፋነው። ነርሷ እንደተፈታች ሥራ ረፈደብኝ ሳትል መጥታ ከጎኔ ትገፋ ጀመር።

«ጋሼ፣ እዚያም ሰርቪስ አለ?»

«ሞልቶ!» አልኳት። እዚያ ስሙ ቤዝመንት መሆኑንና የምኖርበትም እኔ መሆኔን ግን እህቴ ፊት አላነሳሁም።