ሺያን ሄደን ፈርመን መጣን

እረፍት ወጥቶ አንዲት ደቂቃ ሳያርፍ ለሚመለሰው፣ በሦስት ቀን 14 ቦታ ረግጦ 2,300 ፎቶ ይዞ ለሚመጣው፣ ምን አየህ ሲሉት "ቆይ ላሳይህ" ብሎ ስልኩን ለሚያወጣው የዘመናችን ቱሪስት ቆሜ አጨበጭባለሁ። የምሬን ነው። ማሾፍ እንዳይመስላችሁ፣ እኔ ራሴ አሁን የማኅበሩ አባል ነኝ፣ ያውም ከነቤተሰቤ፣ እማዬ እንኳን አልቀረችም።

አባል የሆንነው ቻይና ውስጥ ሺያን የምትባል ከተማ ነው። ድሮ ቻንግአን ነበር ስሟ፣ የሐር መንገድ የሚሉት የነጋዴ ጉዞ ከዚያ ነበር የሚነሳው፣ ስንትና ስንት ሥርወ መንግሥት ዋና ከተማ አድርጎ ተቀምጦባታል፣ እና ይሄን ሁሉ እዚያ እያለሁ ያወቅኩት እንዳይመስላችሁ፣ አዲስ አበባ ገብቼ ለፎቶዎቹ ካፕሽን ስፈልግ ነው ያነበብኩት።

ቻይኖች ለዚህ ዓይነት ጉብኝት ቃል አላቸው፣ "ዳካ" ይሉታል። ዳካ ማለት የፋብሪካ ሠራተኛ ሲገባና ሲወጣ ካርዱን ማሽን ላይ የሚያስመታው ነገር ነው፣ እኛ መሥሪያ ቤት ፊርማ የምንለው ማለት ነው። አሁን አሁን ታዋቂ ቦታ ሄዶ ፎቶ ተነስቶ ውልቅ ማለትም ዳካ ሆኗል። በናታችሁ ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ ቃል የት ይገኛል? እኛ "ጎበኘን" እያልን እንዋሻለን፣ እነሱ "ፈረምን" ብለው ይገላገላሉ።

የእኛ አለቃ ወንድሜ ነው። ጓንዡ ዕቃ እየገዛ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ ነው፣ ልንጠይቀው ሄደን ነው "እዚህ ገበያ ውስጥ ምን ታያላችሁ፣ ሺያን ነው የምወስዳችሁ" ያለን። ኮንቴይነር መጫን የለመደ ሰው ስለሆነ ሦስቷን ቀን እንደ ኮንቴይነር ጠቀጠቃት፣ ክፍተት የሚባል አልተወም። ፕሮግራሙን በኤክሴል ሠርቶ በዊቻት ላከልን፣ 2፡10 ግንብ፣ 3፡30 የደወል ግንብ፣ 3፡50 የከበሮ ግንብ፣ 4፡10 መስጊድ፣ እያለ ይወርዳል። እማዬ መነጽሯን አድርጋ አነበበችውና "ልጄ፣ ሽንት ቤቱ የቱ ጋ ነው?" አለችው። "ከግንቡ ጋር ተካቷል እማዬ" አላት።

ግንቡ መቼም ግንብ ነው። ዙሪያው 13.7 ኪሎ ሜትር፣ ቁመቱ 12 ሜትር፣ ላዩ ደግሞ መኪና ቢያሳልፍ የማያንስ ስፋት አለው፣ በሚንግ ሥርወ መንግሥት ጊዜ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው የተሠራው፣ እላዩ ላይ ሳይክል ይከራያል። አምስት ሳይክል ተከራየን። ባለቤቴ ወደ ካሜራው እየነዳች ስትመጣ የሚያሳይ ቪዲዮ ፈለገች፣ መጣች፣ ሻርፗ አልተውለበለበም፣ ተመለሰች፣ መጣች፣ ከኋላዋ አንድ ሰውዬ ገባባት፣ ተመለሰች፣ እንዲህ እያልን ሰባቴ። ሲደመር ግማሽ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ፖስቱ ላይ "ሙሉውን ግንብ በሳይክል ዞርነው" ተብሎ ተጻፈ፣ ሳይክሉ መዞሩ እውነት ነው መቼስ።

ከግንቡ ሥር፣ ውሃ ባለበት ቦይ ዳር፣ ረጅም መናፈሻ አለ። ስንወርድ የሰፈሩ ሽማግሌዎች በርጩማ ላይ ተሰብስበው አንዱ ባለ ሁለት አውታር ነገር ጭኑ ላይ አቁሞ ይገዘግዛል፣ አንዲት እናት ቴርሞሷን በአንድ እጇ እንደያዘች ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ትዘፍናለች። እማዬ ቀጥ ብላ ቆመች። "ማሲንቆ አይደለም እንዴ ይሄ?" አለች። ወንድሜ ስልኩን አየና "እማዬ ይሄ ሊስቱ ውስጥ የለም" ብሎ ክንዷን ይዞ ወሰዳት። ይህን ዲሲፕሊን ሳላደንቅ አላልፍም፣ ሌላው ቢሆን ቆሞ አዳምጦ ሦስቱንም ቀን ባበላሸው ነበር።

የደወሉን ግንብ (በፈረንጅ 1384 የተሠራ ነው) ከመሬት በታች ከሚሄደው የእግረኛ መተላለፊያ ወጣ ብለን ፈረምን። ታላቁ መስጊድ ደግሞ ጉልላት የለው፣ የለመድነው ዓይነት ሚናሬት የለው፣ አጥሩ፣ ጣሪያው፣ ግቢው ሁሉ ቁርጥ የቻይና ቤተ መቅደስ፣ ሰው ሳይነግርህ መስጊድ ነው ብለህ አትገምትም፣ የሚገርም ቦታ ነው ይባላል። ዘጠኝ ደቂቃ።

በዚያው ሰፈር አንድ ትልቅ ኪሳራ ደርሶብናል፣ እሱን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ምሳ ፓኦሞ የሚባል ነገር በላን። ባዶ ጎድጓዳ ሳህንና ደረቅ ቂጣ ይሰጡሃል፣ ቂጣውን በገዛ እጅህ እንደ አተር እያደቀቅህ ሳህኑ ውስጥ ትፈተፍታለህ፣ ከዚያ ሳህኑን ወደ ኩሽና ወስደው የበግ መረቅ ከነሥጋው አድርገውበት ይመልሱልሃል። ፍትፍት ነው በቃ፣ ሌላ ስም አያስፈልገውም። እማዬ "ይሄንንማ እኔ ላስተምራቸው" ብላ በጉርሻ ልክ ቆራርሳ ሰጠች፣ አስተናጋጇ ሳህኑን ገልመጥ አደረገችና መልሳ አስቀመጠችላት፣ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መጠኑን እያሳየች፣ ደቀቅ ይበል። እማዬ በሕይወቷ ፍትፍትሽ ልክ አይደለም ተብላ አታውቅም። እንደገና ጀመረች።

ኪሳራው ምን መሰላችሁ፣ ቂጣው ደረቅ ስለሆነ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ሁለት እጅ ማለት ስልክ የለም ማለት ነው። ስድስት ሰው ሩብ ሰዓት ሙሉ ፊት ለፊት ተቀምጦ ከመተያየት በቀር ምርጫ አልነበረውም፣ አንድም ፎቶ የለ፣ አንድም ስቶሪ የለ፣ ጭራሽ ማውራት ጀመርን። ወንድሜ ጓንዡ የገባ ሰሞን ቋንቋ ሳይችል የገዛውን የተሳሳተ ጫማ ነገረን፣ ሁለት ካርቶን ሙሉ የግራ እግር ብቻ፣ እማዬ እስክታነባ ሳቀች። ማስረጃ የለኝም። ለማንም ላሳየው የማልችለው ሩብ ሰዓት ነው፣ ስለዚህ እንዳልተደረገ ይቆጠር።

ማታ ሆቴል ስንገባ ደግሞ ሌላ መዓት። ቻይና ፌስቡክ የለም፣ ዩቲዩብ የለም፣ ቴሌግራም የለም፣ የጫነው ቪፒኤን ካልሠራለት ሰው ፎቶው እጁ ላይ ይቀራል። አስቡት፣ 600 ፎቶ ይዘህ የሚያይልህ ሰው ሲጠፋ። ባለቤቴ "ታዲያ ለምን መጣን?" አለች፣ ስትቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ፣ አልቀለደችም። ትልቁ ልጅ ሦስተኛ ፎቅ ሊፍቱ ፊት ለፊት ቪፒኤኑ እንደሚይዝ አገኘ፣ ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ቤተሰቡ ሁሉ ምንጣፉ ላይ ተደርድሮ የሊፍት በር ሲከፈትና ሲዘጋ እያየ አሳለፈ። ሺያንን በደንብ አየሁት የምለው ያንን በር ነው።

ሁለተኛው ቀን የሸክላ ሠራዊቱ ነበር፣ ከከተማው በስተምሥራቅ ሊንቶንግ የሚባል ቦታ። ታሪኩን መቼም ታውቁታላችሁ፣ በፈረንጅ 1974 ገበሬዎች የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ የሸክላ ሰው ወጣላቸው፣ ቻይናን በ221 ከክርስቶስ ልደት በፊት አንድ ያደረገው ቺን ሺ ኋንግ መቃብሩን እንዲጠብቁለት ያስቀበራቸው ወታደሮች ናቸው፣ በግምት ወደ 8,000፣ አብዛኞቹ እስካሁን መሬት ውስጥ። መልካቸው አንድ አይደለም፣ ፊታቸው የየራሳቸው ነው። ሲቀበሩ ደግሞ ባለ ቀለም ነበሩ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ፣ ግን ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ ከአፈር ሲወጡ አየሩ ሲነካው ቀለሙ በደቂቃዎች ውስጥ ተጠቅልሎ ይረግፋል። ቁፋሮውን ረጋ ያደረጉበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፣ ቀለሙን ማዳን እስኪችሉ ይጠብቃሉ። ይገርማል፣ የሚቸኩለው እኮ የሚያየው ሰው ብቻ ነው።

አንደኛው አዳራሽ 230 ሜትር ይረዝማል፣ የአውሮፕላን ሃንጋር በሉት። ቻይኖች ብዙ ሰው ሲያዩ "የሰው ተራራ፣ የሰው ባሕር" ይላሉ፣ እኛ የገባነው ባሕሩ ተራራው ላይ የወጣ ቀን ነው። እየተገፋን ብረቱ አጥር ጋ ደረስን። ታች ሠራዊቱ ረድፍ በረድፍ ቆሟል። እና እኔ ስልኬን ከፍ ለማድረግ ቦታ ስፈልግ ዞር ብዬ ሳይ ምን ባይ ጥሩ ነው፣ አጥሩን የተደገፈው ሕዝብ በሙሉ ለሠራዊቱ ጀርባውን ሰጥቷል። ሴልፊ ነዋ። ሠራዊቱ ወደ እኛ ያያል፣ እኛ ወደ ስልካችን። በእኛ አገር ድሮ ከንጉሥ ፊት የሚወጣ ሰው ጀርባ ላለመስጠት ወደ ኋላ እየተራመደ ነበር የሚወጣው፣ ይሄ ንጉሥ ግን ስድስት መንግሥት ድል አድርጎ፣ ስንቱን አንበርክኮ፣ ሞቶ እንኳ ሠራዊት አሰልፎ፣ አንድ ሴልፊ ስቲክ የያዘ ሰው ቂጡን ሰጠው። ድፍረት ከተባለ ይሄ ነው። ትንሹ ልጅ በሰው እግር መሃል አሾልኮ ታች ሲያይ ቆየና "አባዬ፣ ለምንድነው ሁሉም ሪዝ ያላቸው?" አለኝ። "የትኞቹ?" አልኩት።

11 ደቂቃ ቆየን፣ ከዚያ ሁለተኛው አዳራሽ። እዚያ በመስታወት ውስጥ ለብቻው የተቀመጠ ተንበርካኪ ቀስተኛ አለ። ባንዲራ የያዘች አስጎብኚ ለቡድኗ በእንግሊዝኛ የጫማውን ሶል እዩት፣ የስፌቱ ነጥብ አንድ በአንድ ተቀርጿል፣ የቀኝ እግሩን ከኋላ ዞራችሁ እዩት ስትል ሰማሁ። ልዞር ፈልጌ ነበር እግዜር ያውቃል፣ ግን ባለቤቴ "ከፊት ነው ጥሩ የሚወጣው" አለችኝ፣ አነሳችው፣ ወጣን።

ሦስተኛው ቀን የታንግ ሥርወ መንግሥት ጊዜ ቀሚስ ተከራየን። ትልቁ የዱር ዝይ ፓጎዳ ከሚባለው አጠገብ አንድ ረጅም የመዝናኛ መንገድ አለ፣ እንደ ድሮው ቻንግአን አስመስለው ያበሩት፣ ሰው ሁሉ ጸጉሩን ተሠርቶ ግንባሩ ላይ አበባ ተስሎለት ፎቶግራፈር ቀጥሮ ይንጎማለላል፣ ሙሽራ ብቻ የሞላበት ሰርግ ታውቃላችሁ? ባለቤቴ ሜካፑ ሁለት ሰዓት ወሰደባት። እማዬ ግን ቀሚሱን እምቢ ብላ በነጠላዋ መጣች፣ እና ያ ነጠላ ጉድ አመጣ፣ መጀመሪያ አንዲት ልጅ መጥታ በምልክት አብሬሽ ልነሳ አለቻት፣ ቀጥሎ እናቷ፣ ቀጥሎ አንድ ሙሉ ቤተሰብ፣ በኋላ ሰልፍ ተያዘ። እናቴን ፈረሙባት! ወንድሜ ሰዓቱን እያየ ይቁነጠነጣል፣ ሊስቱ ላይ የሌለች 15ኛ መስህብ ይዞ መምጣቱን አላወቀም ነበር።

ፓጎዳው ላይ አልወጣንም፣ ሰዓት አልነበረም። በፈረንጅ 652 የተሠራ ነው። ያሠራው ሹዋንዛንግ የሚባል መነኩሴ ነው፣ ምስኪን፣ ከቻንግአን ተነስቶ በእግርና በፈረስ በረሃውን አቋርጦ ሕንድ ሄደ፣ ከ16 ዓመት በላይ ፈጅቶበት በ645 ተመለሰ፣ 657 መጻሕፍት ይዞ። ፎቶ? አንድ የለም። ስለዚህ ሰውዬው ያለፈበትን አገር ሁሉ፣ ሕዝቡን፣ አየሩን፣ ልማዱን በዓይኑ እያየ በጭንቅላቱ መያዝ ነበረበት፣ ሲመለስ ንጉሡ ሲጠይቀው ቁጭ ብሎ በአፉ መናገር። ኋላ ቀርነት እኮ ሰውን ብዙ ያደክማል።

አዲስ አበባ የገባን ቅዳሜ አክስቴ እንኳን በሰላም መጣችሁ ልትል መጣች፣ ቡና ተፈላ። ስልኬን ሰጠኋት፣ ቄጠማው ላይ እግሯን ዘርግታ በሌባ ጣቷ እየገፋች ታያለች፣ እኛ፣ እኛ፣ እኛና ግንብ፣ እኛ፣ የእኛ ሳይክል። ከዚያ አንዱ ላይ ቆመችና ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

"ይሄ ማነው ደግሞ የተንበረከከው?"

"ወታደር ነው አክስቴ፣ ከሸክላ የተሠራ፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል።"

"እጁ ላይ የያዘው ምንድነው?"

ዘንበል ብዬ አየሁት። ቀስቱ በስብሶ ካለቀ ቆይቷል፣ የሰውዬው እጆች ባዶ ናቸው፣ ግን መስታወቱ የባለቤቴን ስልክ መልሶ አንጸባርቆት ልክ እጆቹ መሃል አስቀምጦታል፣ ከነሮዝ ሽፋኑ።

"ስልክ ነው" አልኳት።

"ወይ ቻይና!" አለች ሲኒዋን እያስቀመጠች፣ "ያኔም ነበራቸው?"