ጆሮ ጠቢ እየፈራችሁ ስክሪንሾት ትለዋወጣላችሁ?

የጅማ ሰዎች፣ ተዉ! ፈረንጅ አራዳ ቡና ይዛችሁ ስትቀመጡ ስለ ባለሥልጣን የምታወሩት ግራ ቀኙን ቃኝታችሁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ነው። ማታ ግን ያንኑ ወሬ፣ እነማን እንዳሉበት በማታውቁት የቴሌግራም ግሩፕ፣ በመታወቂያችሁ ባወጣችሁት ሲም በተከፈተ አካውንት ትለቁታላችሁ። ይህ ፍርሃት ነው ወይስ ድፍረት?

ተቺ መሰለሉ የቡና ወሬ አይደለም። በ2005 ዓ.ም. የካናዳው የምርምር ተቋም ሲትዝን ላብ፣ ፊንፊሸር የተባለው መሰለያ ሶፍትዌር የተቃዋሚውን የግንቦት 7 ሰዎች ፎቶ ማጥመጃ አድርጎ እንደሚሠራጭ አጋልጧል። በ2006 በታሰሩት የዞን 9 ጦማሪያን ክስ ውስጥ መልእክት የመመስጠር ሥልጠና እንደ ወንጀል ተቆጥሮ ቀርቧል። እንዲህ ያለው መሰለያ ምስጢር አይፈታም፤ መሣሪያችሁ ውስጥ ተቀምጦ እናንተ ስታነቡ አብሯችሁ ያነባል። ስለዚህ ከየትም የመጣ ኤፒኬ (የመተግበሪያ መጫኛ ፋይል) አትጫኑ። ጂቢ ዋትስአፕ የምትሉትን፣ ሌሎች ነካክተው የሠሩትን ዋትስአፕም አጥፉት።

ግን ለእናንተ ይህን ያህል ወጪ ማን ያወጣል? ስልካችሁን ከነፓተርኑ ለሞባይል ቤት ልጅ ሰጥታችሁ “ቴሌግራም ክፈትልኝ” ትላላችሁ። የመግቢያው ኮድ በኤስኤምኤስ ስለሚመጣ፣ ኮዱን ያየ ሰው አካውንቱን በራሱ ስልክ ሊከፍተው ይችላል። ሴቲንግ ገብታችሁ “ዲቫይስስ” የሚለውን ተመልከቱ፤ የማታውቁት ስልክ ካለ አስወጡት። ከዚያ “ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን”ን፣ ማለትም ከኮዱ ሌላ የሚጠየቀውን የይለፍ ቃል አብሩ፤ የማስመለሻ (ሪከቨሪ) ኢሜይሉን ግን አትዝለሉት፣ የይለፍ ቃል ረስቶ ከገዛ አካውንቱ ውጭ የሚቀረው የዘለለው ነው። ስልክ ቁጥራችሁን ማየት የሚችለው “ኖባዲ” ይሁን። ተራው የቴሌግራም ጽሑፍ ድርጅቱ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረው፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ ሌላ ማንም የማያነበው “ሲክሬት ቻት” ብቻ ነው፣ እሱም ለግሩፕ አይሠራም። ተራ ጥሪና ኤስኤምኤስማ ለቴሌኮሙ ክፍት ነው። ዋትስአፕ ይሻላል፤ ወደ ጎግል ድራይቭ የሚሄደው ባክአፕ (የመልእክቶቻችሁ ቅጂ) ግን ለብቻው ካልተመሰጠረ ያው ነው። የስክሪንሾት መድኃኒት ደግሞ ከነዚህ በአንዱም ውስጥ የለም።

አሁን ወደ አፋችሁ። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግር የሚለው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በፆታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ የተመሠረተውን ነው። ሥልጣን ከዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ “አስተዳደሩ መንገዳችንን ረሳው” ማለት ጥላቻ አይሆንም። እዚያው ላይ የብሔር ስድብ ስትለጥፉበት ግን ለከሳሻችሁ ስንቅ ቋጠራችሁለት፦ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር። ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተሠራጨ እስራቱ እስከ 3 ዓመት ይደርሳል።

“ነፍጠኛ ማለት ጠመንጃ ያዥ ነው፣ ብሔር አይደለም” ብላችሁ ትከራከራላችሁ። የቃሉስ ፍች ልክ ነው፤ ጎረቤታችሁ ግን ማንን ለማለት እንደፈለጋችሁ ከዓይናችሁ ያውቃል። “ጁንታ” ለሕወሓት መሪዎች ተብሎ ወጣ፣ ዞሮ ዞሮ ትግርኛ የሚናገር ባለሱቅ ላይ አረፈ። ሁሉን የሚያስከነዳው “ሸኔ” ነው። ታጣቂዎቹ ራሳቸውን የሚጠሩት የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት ብለው ነው፤ ፓርላማው ግን በ2013 ሸኔን በአሸባሪነት ሰይሟል። እንግዲህ በአጥር ወሰን ተጣልታችሁ የሰውን ልጅ “ሸኔ” ስትሉ ተራ ዘለፋ መሰላችሁ? በአሸባሪነት ጠቆማችሁት እኮ! ጆሮ ጠቢው ሌላ አይደለም፣ እናንተ ናችሁ።

ከታሰራችሁ ደግሞ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 19 አትርሱ፦ ዝም የማለት መብት አላችሁ፤ ለጉዞ የሚፈጀው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለባችሁ። አፈጻጸሙን እናንተም ታውቁታላችሁ። የጠበቃና የዘመድ ቁጥር ግን ዛሬውኑ በወረቀት ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ፤ መጀመሪያ የሚወሰድባችሁ ስልኩ ነው።