ጎበድራን ረሳችኋት እኮ

ስለ አክሱም ጉዟችሁ የጻፋችሁት ጽሁፍ አሪፍ ነው ግን እዛ ድረስ ሄዳችሁ ሐውልቶቹ ጋ ፎቶ ተነስታችሁ ብቻ ነው እንዴ የተመለሳችሁት?? በሽሬ መንገድ ከከተማው ትንሽ ወጣ ስትሉ ጎበድራ አለች እኮ፣ የሐውልቶቹ ድንጋይ የተፈለጠበት ተራራ! እዛ ቋጥኝ ላይ 3 ሜትር ገደማ የምትሆን አንበሲት ተቀርጻለች፣ ቅርጿ ብዙም ጎላ ያለ ስላልሆነ ፀሐይ አናት ላይ ሆና ከሄዳችሁ አትለይም፣ ወደ አመሻሽ ብርሃኑ ከጎን ሲመታት ግን ልትዘል የተዘረጋችው ፍንትው ትላለች። የአካባቢው ሰው ከአለቱ ጋ ያላተማት ቅዱስ ሚካኤል ነው ይላል። እኔን የበለጠ የገረመኝ ግን የድንጋይ መፍለጫው ቦታ ነው፣ አለቱ ላይ ሽብልቅ የገባባቸው ቀዳዳዎች በተርታ ተደርድረው እስካሁን አሉ፣ ጣታችሁን ከታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ያ የወደቀው ባለ 33 ሜትር ሐውልት ግን እንዴት ተጎትቶ ከተማ ገባ በናታችሁ? ደህና ጫማ አድርጉ ደሞ፣ ዳገቱ ድንጋይ ብቻ ነው