መርከብ ላይ ኤርፕሌን ሞድ

የመርከብ ሽርሽር የሚሄድ ሰው ሁሉ ከመነሳቱ በፊት አንድ ዓይነት ነገር ያወራል። «ስልክ የማይጠራበት፣ አለቃ የማይደርስበት፣ ሰማይና ውኃ ብቻ የሚታይበት ቦታ ሄጄ ትንሽ ልተንፍስ» ይላል። ይህንኑ ሰው መርከቡ ላይ ሲሳፈር እዩት። ክፍሉ በየት በኩል እንደሆነ ገና ሳይጠይቅ፣ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት እንዴት እንደሚታሰር እያሳዩት ሳለ፣ አንገቱን በጃኬቱ ቀዳዳ አሾልኮ «ዋይፋዩ እንዴት ነው?» ይላል።

ሰው እያማሁ አይደለም። ያ ሰው እኔ ነኝ። ከኋላዬ ሆነው መልሱን ለመስማት ጆሯቸውን ያቆሙት ደግሞ ባለቤቴና ወንድሟ፣ ማለትም ዋርሳዬ፣ ናቸው።

መርከቡ ከወደቡ ሲለቅ የየብሱ ኔትወርክ ከስልኬ ላይ እየሳሳ ሄደ። ሦስት መስመር፣ ሁለት፣ አንድ፣ ከዚያ ባዶ። ባለቤቴ የራቀውን ዳርቻ እያየች በስሜት እጇን ታውለበልባለች፤ እኔም ስልኬን እያየሁ በልቤ አውለበለብኩ። እራት በልተን ስንመለስ ግን ተአምር ተፈጠረ። ዙሪያችን ጨለማና ማዕበል ነው፤ የስልኬ ኔትወርክ ግን ጢም ብሎ ሞልቷል። «ዛሬ ቴክኖሎጂ የት ደርሷል!» አልኩና በደስታ ተኛሁ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት ለካ እንዲህ ያለውን ኖሯል።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። መርከቡ በሆዱ ውስጥ የራሱን ትንንሽ አንቴናዎች ተሸክሞ ይጓዛል። እነሱ ስልክህን ይቀበሉና ወደ ሳተላይት ያሻግሩታል፤ ሳተላይቱ ደግሞ ወደ ምድር። ስልክ የዋህ ፍጥረት ነው፤ «ና» ያለውን ማማ ሁሉ ዘመድ ነው ብሎ ይከተላል። እያንዳንዱ አገር ለሞባይል ኔትወርኩ የራሱ መለያ ቁጥር ሲኖረው፣ እንዲህ ላሉት አገር አልባ ኔትወርኮች በጋራ የተሰጠው 901 ነው። እኔ ከመነሳቴ በፊት የሮሚንግ ማለትም ስልክን በሌላ አገር ኔትወርክ የሚያሠራ ፓኬጅ ገዝቼ ነበር፤ የሚሠራባቸውን አገሮች ዝርዝርም ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ። ባሕር ግን አገር አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ እንኳ ሰዉ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የቤቱን ፓኬጅ ይዞ ከአገር አገር ያለ ጭማሪ ሲዘዋወር፣ ያው ሕግ የመርከብ ሳተላይት ኔትወርክ ጋ ሲደርስ «እዚህ ላይ እኔ የለሁበትም» ይላል።

እና እኔ ስተኛ ስልኬ አልተኛም። ቀን ያነሳኋቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ ወደ ክላውድ ሲጭን አደረ። ምን ፎቶ አለህ ብትሉኝ፣ የመርከብ ክፍል አስተናጋጆች ፎጣ አጣጥፈው እንስሳ የመሥራት ልማድ አላቸው፤ እኛ አልጋ ላይ ዝሆን ሠርተው ጠበቁን። ዝሆኑን ከሰባት አቅጣጫ አነሳሁት። እያንዳንዱ ፎቶ ሁለት ሦስት ሜጋባይት ነው፤ ሂሳቡ ደግሞ የሚቆጥረው በሜጋባይት ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ውድ ፎጣ ገዝቼ አላውቅም። ይህኛውንም አልገዛሁትም፤ በማግሥቱ መልሰው ወሰዱት።

ጠዋት ስነሳ «የዳታ ወጪዎ ከተለመደው በላይ ሆኗል» የሚል ትሁት መልእክት ደርሶኛል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ከዚያች ጠዋት ጀምሮ በቤተሰባችን ላይ ማዕቀብ ተጣለ። የሁላችንም ስልክ ኤርፕሌን ሞድ ገባ፣ ማለትም ከማማ ሁሉ ተቆራረጠ፤ ዋይፋይ ብቻ በርቶ ቀረ። ዋርሳዬ «መርከብ ላይ ተሳፍረን ለምንድነው አውሮፕላን የምንሆነው?» ብሎ ተከራከረ። የስልኬን ሂሳብ ሳሳየው ግን ከእኔ በፊት በረረ።   

የቀረን የመርከቡ ዋይፋይ ነው። ሰልፉ ከምግቡ ሰልፍ ይረዝማል። ሠራተኛዋ በፈገግታ «ከመሳፈራችሁ በፊት ብትገዙት ኖሮ ርካሽ ነበር» አለችን። ይህን ለማወቅ መሳፈር ነበረብን። ፓኬጁ በቀን ነው፤ በቀን ብቻም ሳይሆን በስልክ ነው፤ አንድ ፓኬጅ፣ አንድ ስልክ። ዋርሳዬ ከሁሉ ርካሹን፣ ጽሑፍ ብቻ የሚያስተላልፈውን ገዛ። ያ ሰው በአንድ ቀን ባለቅኔ ሆነ። ፎቶ መላክ ስለማይችል ለጓደኞቹ እየቆመ ይጽፋል፦ «ፀሐይ እየጠለቀች ነው። ብርቱካናማ ናት። ግራ በኩል ትንሽ ደመና አለ። እኔ መነጽር አድርጌ የመርከቡን መከለያ ተደግፌያለሁ። አምሮብኛል።»

እኔና ባለቤቴ ግን ብልጦች ነን፤ አንድ ፓኬጅ ለሁለት ገዛን። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል ማለት ነው። ትዳር ምን ያህል ጽኑ እንደሆነ ለመለካት ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር የባንክ ደብተር፣ ብርድ ልብስ፣ የርቀት መቆጣጠሪያ ተካፍለናል፤ እንደዚህ ተጣልተን አናውቅም። በዚያ በሰላም በሚንሳፈፍ መርከብ ላይ ከክፍላችን የሚሰማው ድምፅ «ውጣልኝ!» ብቻ ነበር።

«አሁን ገባሁ እኮ!»

«ሩብ ሰዓት ሆነህ! ምን እያየህ ነው?»

«የአየር ሁኔታ።»

«በረንዳ ወጥተህ እየው!»

የጎረቤት ክፍል ተሳፋሪዎች ልንፋታ ነው ብለው እራት ላይ በሐዘኔታ ያዩን ጀመር። በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴትዮ ባለቤቴን ለብቻዋ ጠርታ «አይዞሽ፤ ዋናው ልጆች ናቸው» አለቻት።

ከአማቴ ጋር የነበረን የቪዲዮ ጥሪም አለ። የእኛ መርከብ የሚጠቀመው በድሮው ዓይነት ሳተላይት ነበር፤ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚቀመጠው። ድምፅህ እዚያ ድረስ ወጥቶ ይወርዳል፤ መልሱም እንደዚያው ወጥቶ ይወርዳል። ጠቅላላው ከግማሽ ሴኮንድ በላይ ይፈጃል። ግማሽ ሴኮንድ ምን አላት ትሉ ይሆናል። ከአማት ጋር ተነጋገሩባት።

«እንደምን ዋሉ እማማ?»

ዝም።

«አይሰሙም መሰለኝ። እንደም—»

«ደህና ነኝ ልጄ፣ እናን—»

«—ን ዋሉ? ይቅርታ፣ ይቀጥሉ።»

«አይ፣ አንተ ቀጥል።»

«እርስዎ ይቀ—»

«ለምን ታቋርጠኛለህ?»

የፓኬጃችን ሩብ ያለቀው በመከባበር ነው።

አብሮን ማዕድ የሚቀርብ አንድ ሰው ይህን ስነግረው «እንኳን ደስ አለህ» አለኝ። ያለፈው ዓመት የሄደበት መርከብ አዲሱ ዓይነት ኢንተርኔት ነበረው። አዲሶቹ ሳተላይቶች ከምድር 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስለሚዞሩ ፈጣን ናቸው፤ የመርከብ ሽርሽር ኩባንያው ሮያል ካሪቢያን እ.ኤ.አ. በ2022 ስታርሊንክ የተባለውን የእነዚህን ሳተላይቶች ኢንተርኔት በመርከቦቹ ላይ እንደሚያስገባ ካስታወቀ ወዲህ ሌሎቹም ኩባንያዎች ተከትለውታል። ታዲያ ሰውዬው በፍጥነቱ ተደስቶ አንድ የዋና ቪዲዮ ለቀቀ። አለቃው አየው። ወደደውም፤ ልብ ምልክት አደረገበት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ «ኔትወርክህ ጥሩ ነው ማለት ነው፤ ስብሰባ ላይ ግባ» የሚል መልእክት መጣ። ገባ። «ካሜራህን ክፈት» ተባለ። የቀረውን የሽርሽር ሳምንት ከላይ ሸሚዝ፣ ከታች የዋና ቁምጣ ለብሶ ሪፖርት ሲያቀርብ ከረመ። ዘንድሮ መርከብ ሲመርጥ ስለ ምግቡም ስለ መዋኛ ገንዳውም አልጠየቀም። «ኢንተርኔታችሁ ደካማ ነው?» ብሎ ነው የጠየቀው። «በጣም» ሲሉት ከፈለ።

እውነቱን ነው። «ኔትወርክ አልነበረም» የሰው ልጅ ከሐሰት ሁሉ አክብሮ ያስቀመጣት የመጨረሻ ሰበብ ነበረች። ዋሻውም፣ ተራራውም፣ አሳንሰሩም እጅ ሰጥተዋል። ባሕሩ ብቻ ነበር የቀረን፤ እሱንም በሳተላይት እየወሰዱብን ነው።

ደግሞ የባሕር ላይ ወሬ ውድነት ዛሬ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1912 በታይታኒክ ላይ የነበሩት ሁለቱ የሬዲዮ ሠራተኞች፣ ጃክ ፊሊፕስና ሃሮልድ ብራይድ፣ የማርኮኒ ኩባንያ ተቀጣሪዎች ነበሩ፤ ትልቁ ሥራቸውም የተሳፋሪ መልእክት መላክ ነበር። ለመጀመሪያዎቹ አሥር ቃላት 12 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ቃል 9 ፔንስ ይከፈል ነበር። በቃል! ዋርሳዬን እዚያ አስቡት፤ «ግራ በኩል ትንሽ ደመና» ብቻዋን ታደኸየው ነበር። ግን ታሪኩ ለቀልድ ብዙም አይመችም። መሣሪያው ተበላሽቶ ስለነበር የሀብታሞቹ ሰላምታ ተከምሮ፣ ኤፕሪል 14 ማታ ፊሊፕስ ያንን ክምር ወደ የብስ ሲልክ፣ ካሊፎርኒያን ከምትባለው ቅርብ መርከብ «በበረዶ ተከበን ቆመናል» የሚል መልእክት መጣበት። ዝም በል፣ ሥራ ላይ ነኝ ብሎ መለሰ። ስለዚህ ባለቤቴ «ውጣልኝ» ስትለኝ አንዳንዴ ደንገጥ ብዬ እወጣለሁ።

በአራተኛው ቀን ወደብ ልንደርስ ሆነ። በዋዜማው ማታ «ነገ የብስ ላይ ለምን እንቸገራለን፣ ኢ-ሲም ልግዛ» አልኩ። ኢ-ሲም ማለት በኪስ የማይያዝ፣ በኢንተርኔት ወርዶ ስልክ ውስጥ የሚገባ ሲም ነው፤ የምትሄድበትን አገር መርጠህ በርካሽ ትገዛለህ። ባሕሩ ላይ አይሠራም፤ የብስ ስትረግጥ ግን ነፍስ ነው። የባንክ ካርዴን ቁጥር አስገባሁ። ባንኩ «ለደህንነትዎ የማረጋገጫ ቁጥር በአጭር መልእክት ልከናል» አለኝ። ወደ የት? ወደ ስልኬ። ስልኬ የት ነው? ኤርፕሌን ሞድ ላይ። ቁጥሩን ለመቀበል ኤርፕሌን ሞዱን ላጥፋው? ከአልጋው ላይ ፎጣዋ፣ በዚያ ቀን ዝንጀሮ ሆና፣ ትክ ብላ አየችኝ። ተውኩት። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

ከክፍሌ ወጥቼ ሳማርር ጎኔ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሰምተው ሳቁ። ጉዞውን ሙሉ መጽሐፍ ገልጠው ሲያነቡ አይቻቸው «እንዲህ ነው ከዓለም መገላገል» ብዬ ስቀናባቸው ነበር። ለካ የቴሌኮም ጡረተኛ ናቸው።

«ልጄ፣ እኔ ኢ-ሲሜን ከቤቴ ሳልወጣ ነው የጫንኩት። ካርታውንም አውርጃለሁ፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። አሁን መጽሐፍ የማነበው የማደርገው ነገር ስለሌለ ነው።»

«ታዲያ መቼ ነው የሚያበሩት አባባ?»

«የየብሱ ማማ ሲደርስብን። የድሮው የሞባይል ኔትወርክ፣ ጂ.ኤስ.ኤም. የሚባለው፣ ከማማው 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ከዚያ አያልፍም። አሠራሩ ነው። መጀመሪያ ግን የኔትወርኩን ስም አንብብ፤ የመርከቡ ከሆነ አትንካው።»

ይህን ምክር የሰማሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም መሰለኝ። በማግሥቱ ጠዋት ዳርቻው እንደ ጭረት ብቅ ሲል፣ ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ በአንድ ወገን መከለያ ላይ ተከማቸ። ከሩቅ ያየን ሰው የጸሎት ማኅበር ነን ይል ነበር። ከፊታችን ጥንታዊ ግንብ ያለበት ከተማ በጠዋት ፀሐይ እያበራ እየቀረበ ነው። ማንም አላየውም። «መጣ! መጣ!» የሚል ጩኸት ስሰማ ዓሣ ነባሪ መስሎኝ ዞርኩ፤ ሁለት መስመር ኔትወርክ ነበር።

ከመርከቡ ስንወርድ ተሳፋሪው በሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ አስጎብኚውን ተከተለ። እኛ ግን ሽማግሌው እንደመከሩን የመርከቡን ሠራተኞች ተከተልን። መርከበኛ ከቤተሰቡ ወራት ስለሚለይ፣ በየወደቡ ነፃ ዋይፋይ የት እንዳለ ከማንም መጽሐፍ አስበልጦ ያውቃል። አንገታቸውን ደፍተው በሦስተኛው ቅያስ ታጠፉ፤ ታጠፍን። ከአንድ ቡና ቤት አጥር ሥር ተቀመጡ፤ ተቀመጥን። ግንቡን እስካሁን አላየሁትም።

ባለቤቴ በመጀመሪያዋ ነፃ ደቂቃ አርባ አንዱንም ፎቶ ለእናቷ ላከች፤ ባሕሩን፣ ፀሐይዋን፣ እኛን፣ ባለቅኔውን ወንድሟን። አማቴ ወዲያው ከፈቱት። ሁለታችንም ስክሪኑ ላይ ተደፋን። መጀመሪያ አንዲት አውራ ጣት መጣች። ቀጥሎ «እየጻፉ ነው» የሚለው ለረጅም ጊዜ ታየ፤ ጠፋ፤ እንደገና ታየ።

«ዝሆኑ ፎጣ ደስ ይላል» አሉ። «ስንት ገዛችሁት?»