ሻርፑን ያቃጠለ እጅ ይባረክ

ኧረ እናመስግናቸው! በየሰፈሩ አንድ አንድ ስቲቭ ማከሪ አለን እኮ፣ ያ ዝነኛው አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ። ታውቋቸዋላችሁ። ፌስቡክ ስትከፍቱ ቀይ ጨርቅ የተከናነበች ልጅ አረንጓዴ ግድግዳ ፊት ሆና ካፈጠጠችባችሁ፣ የእነሱ እጅ አለበት። ከሥሯ «ዝምታ» ይላል። ወይ «ተስፋ»። ሲብስባቸው ሁለቱንም።

ኦርጅናሉን የማያውቅ የለም። ማከሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ፓኪስታን ውስጥ፣ ፔሻዋር አጠገብ ባለው የናስር ባግ የስደተኞች ካምፕ ያነሳት አፍጋናዊት ልጅ ናት። በ1985 ናሽናል ጂኦግራፊክ ሽፋኑ ላይ አወጣት። ሰውየው ከዚያ በፊት የአገሬውን ልብስ ለብሶ፣ ድንበር ተሻግሮ ጦርነት ውስጥ ገብቶ ወጥቷል። የእኛዎቹም ቢሆኑ ከሃያ ሁለት ገርጂ ድረስ በሁለት ታክሲ ይመጣሉ፣ ቀላል አይደለም።

ያለፈው እሁድ አንዱ እህቴ ቤት መጣ። ልጇ አሥር ዓመቷ ነው። ቅዳሜን ሙሉ ቁጭ ብላ ሹሩባ ተሠርታለች። ማስተራችን ገና ሲያያት «ይፈታ» አለ። ተፈታ። «ቀይ ሻርፕ አላችሁ?» እህቴ ከዱባይ የመጣላትን አወጣች። አገላብጦ አየውና አዘነ። በጣም አዲስ ነው። ከዚያ ሲጋራ ለኮሰ። ሊያጨስ መስሎኝ መስኮት ልከፍት ተነሳሁ፣ ለካ እሱ እሳቱን ሻርፑ ላይ እየተከለ ነው! ኦርጅናሉ ቀዳዳ አለዋ። አንድ በሳ። ስልኩን አውጥቶ አስተያየ። በሁለት ጣት ስቷል። ደገመ። ሦስተኛውን ሲያነጣጥር እህቴ «ወንድሜ፣ ቡና ደርሷል፣ ትንሽ አረፍ በል» አለችው። በሳና አረፈ።

አረንጓዴ ግድግዳ ስለሌለን የጎረቤት የግቢ በር ተመረጠ። ልጅቷ ቆመች፣ ሻርፑ ተስተካከለ፣ ትንፋሽ ተዋጠ፣ በሩ ተከፈተ። መኪና ሊወጣ ነው። እንደገና ቆመች። መኪናው ተመለሰ፣ ዳቦ ሊገዙ ነው ለካ የወጡት። ዘበኛው በየመሃሉ አንገቱን እያወጣ «ጨረሳችሁ?» ይላል፣ ልጅቷ ትስቃለች። «ማሚዬ፣ አትሳቂ!» ትስቃለች። «በጣም ያሳዘነሽን ነገር አስቢ።» ትንሽ አሰበች። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ያዝኳት!» ብሎ ጮኸ። በኋላ ምን አስበሽ ነው ብላት፣ «ሹሩባዬን» አለችኝ።

ቀለሙ ደግሞ! ማከሪ ያነሳበት ኮዳክሮም ፊልም በ2009 መመረቱ ቆሟል፣ የመጨረሻዋን ጥቅል ያነሳባትም እሱ ራሱ ነው። የእኛው ግን «ፕሪሴት አለኝ» ብሎ፣ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የቀለም ማስተካከያውን ጭኖባት፣ ልጅቷን ብርቱካን አስመሰላት።

ይሄስ ያስቃል። የማያስቀው ባለፈው ወር ሜክሲኮ አካባቢ ያየሁት ነው። ሊስትሮ ልጅ ጠዋት ፊቱን ታጥቦ ሥራው ላይ ተቀምጧል። ባለ ካሜራው ከልጁ ከራሱ ሣጥን የጫማ ቀለም በጣቱ እያነሳ ጉንጩን ይቀባዋል። ድህነቱ ስላልደመቀለት። አንተ ማነህ? ታጥቦ የመጣን ልጅ ፊት ለማቆሸሽ ማን ፈቀደልህ? ስሙን እንኳ አልጠየቀውም፣ አንስቶ ሄደ። ልጁ በጃኬቱ እጅጌ ሲጠርገው ጭራሽ ተለቀለቀ። ያቺ አፍጋናዊትም ሻርባት ጉላ መባሏ የታወቀው በ2002 ተፈልጋ ስትገኝ ነው፣ እስከዚያ ድረስ ፎቶውን አይታው አታውቅም። ከኦርጅናሉ መኮረጅ የሌለበት ይሄ ነበር። እነሱ የኮረጁት ግን እሱን ነው፣ አንድም ሳያስቀሩ።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ፎቶው ማታውኑ ተለጠፈ። «እሳት ነህ ማስተር!» የሚል አስተያየት ጎረፈ፣ እሳቱን እንኳ እኛም አይተነዋል። የእህቴ ልጅ ስልኩን አቅርባ አየች፣ አራቃ አየች፣ ከዚያ «ይቺ ማናት?» አለች።

ትናንት ማስተራችን ደወለ። «እናትዬ፣ ያቺን ሻርፕ ብታውሽኝ? ቅዳሜ ሌላ ልጅ አለችብኝ።»